ከሰልፍ የወጣችው

የጭነት መኪናው፣ ኤንትሬው፣ የሐይቅን ከተማ ለቆ ወደ ውጫሌ ሲንደረደር ስህን በአንድ እጇ የነዳጁን በርሜል ጠርዝ፣ በሌላው የልጇን ወገብ ጨምድዳ ይዛ ነበር። በርሜሎቹ በየኩርባው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጭነቱ ለሰሜን ጦር የሚሄድ ነው። ሾፌሩ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናግሮ፣ በሦስተኛው የልጅቱን ፊት አየና፣ “ውጡ እንግዲህ። ኬላ ስንደርስ ግን አንገታችሁን ቅበሩ” ብሎ ነበር ያሳፈራቸው።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ከገባ ሳምንቱ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ደርሶ ራሱን ደፍቷል፤ አጫጁ ግን ጥቂት ነው፤ ሽማግሌና ሴት ብቻ። ጎልማሳው የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አላስኬዳቸውም። ከፊት ለፊት አምስት የጦር መኪኖች ተከታትለው መጡና ኤንትሬው ዳር ይዞ አሳለፋቸው። የተጫኑት የአምባሰል ገበሬዎች ናቸው፤ አምና ሞፈር የጨበጠ እጅ ዘንድሮ ጠመንጃ ጨብጧል። እየዘፈኑ ወደ ደሴ ይሄዳሉ። ጅጅጋ መያዟን የሰማ ሁሉ ከደሴ ወዲያ የት እንደሚወሰዱ ያውቃል። አንዱ ጎረምሳ ቆቡን አውልቆ ለልጅቱ ለጸዳለ አውለበለበላት፤ እሷም እጇን አነሣችለት።

“ይመለሳሉ፣ እማ?” አለች።

“ጠበቅ አድርገሽ ያዢ” አለቻት ስህን።

በደረቷ፣ ከቀሚሷ ስር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ መሸኛ አለ። አራት መስመር ብቻ ነው። “ተማሪ ጸዳለ ዝናው፣ ዕድሜ 10፣ የአራተኛ ክፍል፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ባሳየችው ፀረ አብዮታዊ አቋም ከትምህርት ገበታ መሰናበቷን እንገልጻለን” ይላል። ማኅተሙ ክብ ነው። ስህን ያንን ትምህርት ቤት ከመሠረቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሚሲዮኑ ሲያሠራው ድንጋይ ያቀበለች፣ አንደኛ ክፍልን ሰባት ዓመት ያስተማረች፣ ግድግዳው ላይ ሀ ሁን በገዛ እጇ በቀለም የጻፈች እሷ ናት። አምና መንግሥት ወረሰው፤ አዲስ ስም ወጣለት፤ እሷም በአንድ ቀን ማስታወቂያ ተሰናበተች። ፈረንጆቹ ንብረታቸውን በላንድሮቨር ጭነው ሲሄዱ፣ “ከእኛ ጋር ኑ” አላሉም። ቢሉም ዝናው አይሄድም ነበር።

ዝናው ባሏ የተወለደው በዚሁ በአምባሰል፣ ግሸን ግርጌ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ። የዳዊቱን ንባብ ጨርሶ፣ የድጓ ዜማ ሊጀምር ሲል ታሞ ወደ ሚሲዮኑ ክሊኒክ ወረደና በዚያው ቀረ። ቁስል ማጠብ ተማረ፤ ወንጌል ተማረ፤ በኋላም ሚሲዮኑ ወንጌላዊ አድርጎ ሾመው። በበቅሎ ከመንደር መንደር እየዞረ በአንድ ኮሮጆ ፋሻና መጽሐፍ ይዞ አሥር ዓመት ሰብኳል። አባቱ “ጸረ ማርያም” ብለው ከደጃቸው አባረሩት፤ ሲሞቱ እንኳ ለቀብር አልተጠራም። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ስሙ ተለወጠና “የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ” ተባለ። ሐምሌ ላይ ይዘው ደሴ ወሰዱት። በጥቅምት ሲመለስ ውስጥ እግሩ እንዳለ ተልጦ ነበር። ድምፁ ግን ይባስ ተጎድቶ ነበር የመጣው፤ ያ ተራራ ለተራራ ይሰማ የነበረ ድምፅ፣ አጠገቡ ተቀምጠህም ጆሮህን ካላስጠጋህ አይሰማም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ ልጅቱ ከሰልፍ የወጣችው።

*

ከበደ፣ የውጫሌው ርዕሰ መምህር፣ ስህንን በበሩ ላይ ሲያይ “እንኳን ደህና መጣሽ” ከማለቱ በፊት ግራና ቀኙን አየ።

“በምን መጣሽ?”

“በጭነት መኪና።”

“ማን አየሽ?”

“የገበያው ሰው ሁሉ፣ ጋሽ ከበደ። እኔ ደግሞ ምኔ ይደበቃል?”

አራት ዓመት ጎን ለጎን አስተምረዋል፤ እሷ አንደኛን፣ እሱ ሁለተኛን። ያኔ ቀልደኛ ነበር። ተማሪዎቿን ሲረከባት፣ “ፊደሉን አስቆጥረሽ ላክሽልኝ፣ አደራ ሳቁን ግን አታስረሺያቸው” ይላት ነበር። አሁን ካኪ ኮት ለብሷል፤ ፀጉሩ ከጆሮው በላይ ነጥቷል። ከጠረጴዛው በላይ የጺማም ፈረንጆች ሥዕል ተሰቅሏል። ጸዳለን ከውጭ፣ ከመስኮቱ ስር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ በሩን ዘጋ።

መሸኛውን ተቀብሎ አነበበው። አጠፈና መለሰላት።

“አላየሁትም” አለ። “ካየሁት ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ስለዚህ አላየሁትም። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

“ይሄን ይዘሽ ወልድያ ብትሄጂ፣ ደሴ ብትሄጂ፣ ያው ነው። በዚህ ወረቀት የሚቀበልሽ ትምህርት ቤት በወሎ ክፍለ ሀገር የለም።”

“በዝናው ፊርማ ይመልሷታል። ሚሲዮኑንና እምነቴን አውግዣለሁ ብሎ ከፈረመ።”

“ታዲያ ለምን አይፈርምም?”

ከበደ ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ከአንዱ ክፍል ሕፃናት የማባዣ ሠንጠረዥ በአንድ ድምፅ ሲሉ ይሰማል። ስህን ያን ድምፅ ክፍል ውስጥ ቆማ ከሰማች ዓመት ሊሞላት ነው።

“ስሚኝ” አለ ከበደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ልጅቱን እዚህ ተዪልኝ። የእህቴ ልጅ ናት እላለሁ፤ ከወሎ ቦረና የመጣች። ሚስቴ እሺ ትላለች፤ ልጅ የለንም። ስሟን ጸዳለ ከበደ ብዬ እመዘግባታለሁ፤ ስድስተኛን ትፈተናለች፣ ከዚያም ወዲያ ትሄዳለች። ጭንቅላቷን አውቀዋለሁ፤ የአንቺ ነው። ነገር ግን...”

“ነገር ግን ምን?”

“ሰልፍ ላይ እጇን ታነሣለች። በይ የተባለችውን ትላለች። አባትሽ ማነው ስትባልም ሞቷል ትላለች። አንቺም አትመጪም። በፋሲካም፣ በገናም አትመጪም።”

ሐቁን ለመናገር፣ የስህን ልብ ሄዶ ነበር። ልጇ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎላት አየቻት፤ አየቻትና ጨርሳ እሺ ልትል ነበር።

“እስከ ሰኞ ላስብበት” አለች በመጨረሻ።

ከበደ ፈገግ አለ፤ የዱሮው ፈገግታ ግን አልነበረም። “እስከ ሰኞ እኔስ እዚህ ወንበር ላይ መኖሬን በምን አውቃለሁ? ባለፈው ሳምንት ሁለት መምህራን ወስደውብኛል። ዛሬ ተዪያት ወይ ይዘሻት ሂጂ።”

በሩን ከፍታ ስትወጣ ጸዳለ ከመስኮቱ ስር ቆማ ጠበቀቻት። መስኮቱ አንድ መስታወት ጎድሎታል። ስህን ያንን ያየችው ያኔ ነው።

“አባዬ ሞቷል ልበል?” አለች ልጅቱ።

ስህን እጇን ይዛ ከግቢው ወጣች። ከበደን ዞራ አልተሰናበተችውም፤ እሱም አልጠራትም።

*

ወደ ሐይቅ የሚመለስ መኪና አልተገኘም። አስፋልቱን ይዘው በእግር ጀመሩት፤ አንድ አውቶቡስ ከኋላ ይደርስብናል በሚል ተስፋ። ፀሐይዋ ከአምባሰል ሰንሰለት በላይ ተንጠልጥላለች። ስህን ፈጥና ትራመዳለች፤ ልጅቱ በሩጫ ትከተላለች።

“እማ፣ ተቆጣሽኝ?”

“በምን እቆጣሻለሁ? ደግ ነው ያደረግሽው። አባትሽም ኮርቶብሻል። ወንድሞችም ሁሉ።”

እውነቷን ነው። በስውር የሚገናኙት ጥቂት ምእመናን ወሬው የደረሳቸው ዕለት፣ “የዝናው ልጅ እንደ ሠለስቱ ደቂቅ ጸናች” ብለው ልከውላቸው ነበር። ለሰንደቁ ግራ እጄን አላነሣም፣ መፈክሩንም አልልም አለች ተብሎ። ስህን ያን ቃል ስትሰማ ከፍርሃቷ ጋር አንድ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቷት ነበር፤ ኩራቱ ደስ አላሰኛትም፣ ግን ነበረ።

ጸዳለ ቆም አለች።

“እጄንማ አነሣሁ እኮ።”

“ምን?”

“ሁልጊዜም አነሣለሁ። ኢትዮጵያ ትቅደም እላለሁ። አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት እላለሁ። ካላልሽ ይመቱሻል።”

ስህን መንገዱ መሃል ቆመች። “ታዲያ ምኑን ነው አልልም ያልሽው?”

ልጅቱ በጫማዋ ጫፍ ጠጠር ትገፋ ጀመር። “አሁን ሰኞ ሰኞ ስም ይነበባል። የፀረ ሕዝቦች ስም። መምህሩ ሲያነብ እኛ ‘ይውደም!’ እንላለን። አንዱን አነበበ፣ አልን። ሁለተኛውን አነበበ፣ አልን። ሦስተኛው ላይ... አባዬን ነው ያነበበው።”

ከሩቅ የመኪና ድምፅ ተሰማና ጠፋ።

“ሁሉም አሉ። እኔ አፌ እምቢ አለኝ። መምህሩ አየኝና ወደ ፊት አወጣኝ። ለብቻሽ በይ አለኝ። ልል ነበር፣ እማ። እውነቴን ነው፣ ልል ነበር። ግን አልወጣልኝም። ከዚያ...” ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፣ “ከዚያ ሸናሁ። እግሬ ላይ ፈሰሰ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ።”

ስህን አስፋልቱ ዳር በርከክ ብላ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ስለ እምነት ተከራክረዋል፤ መፈረም ክህደት ነው አይደለም፣ ግራ እጅ ማንሣት ለጣዖት መስገድ ነው አይደለም ተባብለዋል። ልጅቱን ግን አንድ ሰው እንኳ ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም። እሷም አልጠየቀችም። ሰባት ዓመት መምህር ሆና፣ አንድ ሕፃን ሲያፍር ዓይኑን አይታ የምታውቅ ሴት፣ የገዛ ልጇን ሳትጠይቅ ኮራች።

“ለአባዬ አትንገሪው” አለች ጸዳለ ከትከሻዋ ላይ። “መሽናቴን።”

አውቶቡሱ የደረሰላቸው ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ነው።

*

ሐይቅ ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ዝናው በሩ ላይ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ፈርም የተባለው የውግዘት ወረቀት አለ። እስክሪብቶም አለ።

“አልተቀበሏትም” አለ። ጥያቄ አልነበረም።

“አልተቀበሏትም።”

ጸዳለን ውሃ እንድታመጣ ወደ ጓዳ ላከቻት። ዝናው ወረቀቱን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

“ልፈርም ነው” አለ። “ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። እኔ የተሸከምኩትን እሷ አልመረጠችውም፣ ስህን። ደሴ እያለሁ ስንቱን ችያለሁ፤ አንድም ቀን አልለመንኳቸውም። ልጄ ግን በእኔ ምክንያት ፊደል ሳትጨርስ ስትቀር... ይህን እግዚአብሔር ከእኔ የሚፈልገው አይመስለኝም። ከፈለገም፣ እንግዲህ እሱ ይፍረድ።”

ስህን አጠገቡ ተቀመጠች። ልጅቱ አደራ ያለቻትን አስቀርታ ሌላውን ሁሉ ነገረችው።

ዝናው ወረቀቱን እያየ አዳመጣት።

“ስሜን?” አለ ስትጨርስ።

“ስምህን ከነአባትህ።”

“መሪጌታንም ጨምረው?” አለ፤ ሊስቅ የሞከረ ይመስላል። ፊቱ ግን ሳቁን አልተከተለም። “እና ስፈርም ስሜን ያወጡታላ። አዎ። ስፈርም ከዝርዝሩ ያወጡታል፤ እሷም...”

“አያወጡትም” አለ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ።

እንድሪስ ነበር፣ የቀበሌው ሊቀመንበር። ጎረቤታቸው ነው፤ በአጥር የሚዋሰኑ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ የደንብ ልብስ የሰፋ እሱ ነው፣ የጸዳለንም። ሊቀመንበርነቱን ወዶ አልያዘውም፤ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ስሙን ጠራ፣ ሌላው አጨበጨበ፣ አበቃ። አሁን ጠመንጃ በትከሻው አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ እንዴት እንደሚያዝ ግን ዛሬም አልለመደበትም። አጥሩን ዞሮ ገባና ሳይቀመጥ ቆመ።

“አሰላሙ ዓለይኩም አልላችሁም፤ ሰላም የለምና” አለ። “ጋሽ ዝናው፣ ወላሂ እውነቱን ልንገርህ። ዝርዝሩ ከደሴ ነው የመጣ። እኔ አልጻፍኩትም፤ እኔ አልሰርዘውም። ፈረምክም አልፈረምክም ሰኞ ሰኞ ይነበባል።”

“ብፈርምስ?”

“ብትፈርም ልጅቱ ሰልፍ ትመለሳለች።”

ያ ምን ማለት እንደሆነ ለሦስቱም ገባቸው። ልጅቱ ትመለሳለች፤ ሰኞ ጠዋት ትሰለፋለች፤ ስሙ ሲነበብ እጇን አንሥታ ታወግዘዋለች። በአባቷ ፊርማ።

ዝናው ወረቀቱን አጠፈው። አልቀደደውም፤ ለመቅደድም ጉልበት ያለው አይመስልም ነበር። አጠፈና እንድሪስ እጅ ላይ አስቀመጠው።

“እንግዲያው እቤቷ ትማራለች” አለች ስህን።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

“እኔ አስተምራታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ። እዚህ ቤት።”

“ስህን...” አለ ዝናው።

“መምህር ነኝ እኮ። ሌላ ሙያ የለኝም። የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የራሴን ፊደል አጥታ አላያትም።”

እንድሪስ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። “ማን ማን ይመጣል?”

“ማንም።”

“የእኔዎቹስ? አጥር ዘለው እንደሚመጡብሽ አውቃለሁ።”

“ማንም አልኩህ፣ ጋሽ እንድሪስ። አንድ ልጅ ብቻ።”

“ሁለት ልጅ ካየሁ ስብሰባ ነው ብዬ ለመጻፍ እገደዳለሁ። እኔ ባልጽፍ ሌላው ይጽፈዋል፤ እኔንም ጨምሮ ይጽፈኛል። መጽሐፉስ? ጸሎት መዝሙር ምናምን...”

“የመንግሥት መጽሐፍ። ሂሳብ፣ አማርኛ፣ ጂኦግራፊ። መጥተህ እያት።”

እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ፤ አዝኖ ነው። “እቴ ስህን፣ ተይው አልልሽም። ግን አንቺም አትታለይ። መዝገብ የላት፣ ቁጥር የላት። ስድስተኛን ማን ያስፈትናታል? ለፍተሽ ለፍተሽ፣ መጨረሻው ይሄው ግቢ ነው። ከዚህ የትም አትደርስም።”

“አውቃለሁ።”

“ካወቅሽስ ለምን?”

ስህን ወደ ዝናው ዞረች። ዝናው የልጅቱ አባት ነው፤ ወንጌላዊም ነው፤ ለሌላው ሰው ሐዘን ሁሉ ጥቅስ የሚያውቅ ነበር። አሁን ግን እንድሪስ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ ያይ ነበር። እንድሪስ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ “አላህ ያግራላችሁ” ብሎ ወጣ።

*

እሁድ ጠዋት የእንድሪስ ሚስት ዘይቱና በነጠላዋ ስር አንድ ነገር ደብቃ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ሉህ ነው፤ የቁርአን ልጆች የሚጽፉበት ረጅም የእንጨት ሰሌዳ፣ እጀታ ያለው፣ ከብዙ መታጠብ የተነሣ እንደ ቀንድ የለሰለሰ።

“የሀምዳን ነው” አለች። ሀምዳን የበኩር ልጇ ነው፤ በነሐሴ ከሚሊሺያው ጋር ሄዷል። “ጥቁር ሰሌዳ ከየት ታመጫለሽ ብዬ ነው። በከሰል ጻፊበት፤ በውሃ ይለቃል።”

“ዘይቱና፣ ይሄማ የቁርአን ቃል መጻፊያ ነው። እንዴት እወስደዋለሁ?”

“ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያየኝ ይውላል። ፊደል ይጻፍበት፤ ፊደል ሁሉ የአላህ ነው። ሲመለስ ትመልሺልኛለሽ።”

“ደብዳቤ መጣ?”

ዘይቱና ነጠላዋን አስተካከለች። “አብሽሪ። አንቺ ልጅሽን አስተምሪ” አለችና በመጣችበት ተመለሰች።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ስህን የቤቱን ወለል ጠርጋ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ታስተምርባት የነበረችው ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ነበረች፤ አውጥታ ለበሰቻት። ጸዳለም ሳትታዘዝ የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች። ስህን ልታስወልቃት አሰበችና ተወችው።

ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ደወሉ ተደወለ። መዝሙሩ ተዘመረ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ አንድ የወንድ ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የልጆች ድምፅ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ ልጆች በአንድ አፍ፦

“ይውደም!”

“መጽሐፍሽን ክፈቺ” አለች ስህን።

“ይውደም!”

“ከፍ አድርገሽ አንብቢ። ገጽ ዐሥራ ሁለት። ‘የወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃዎች።’ ከፍ አድርገሽ።”

ጸዳለ አነበበች፤ ጮኻ፣ ያለ ነጥብ ያለ እስትንፋስ አነበበች። ሦስተኛው “ይውደም” ሲመጣ በንባቧ መሃል ገባና አለፈ። ዝናው ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። ከፊቱ ላይ ምንም ነገር ማንበብ አልተቻለም።

አውራጃዎቹን ከሰሉን ይዛ ሉሁ ላይ እንድትጽፍ አዘዘቻት፤ መጽሐፉን ዘግታ፣ በቃሏ። ልጅቱ “አምባሰል” ብላ ጀመረች። “የጁ” አለች። “ራያና ቆቦ።” በሩ ተንኳኳ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱን ስህን አስተምራዋለች። ዓይኗን ሊያይ አልቻለም። እንድሪስ አብሯቸው አልነበረም።

“ጓድ ዝናው ለጥያቄ ደሴ ይፈለጋል” አለ ሌላኛው። “አይቆይም።”

“ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌ እየቀረበ መኖሩን ይፈርም የለም ወይ?” አለች ስህን።

“የታዘዝነው እኛ ይሄን ነው።”

ዝናው ተነሣ። ጫማውን ለማድረግ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ያበጠው እግሩ እሺ አላለውም፤ በመጨረሻ ክሩን ሳያስር ተወው። ስህን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከልጁ ኋላ ቆመ፤ ሉሁን አነበበ። እጁን አናቷ ላይ አሳረፈ።

“ላስታን ረሳሽ” አለ በዚያ በማይሰማ ድምፁ።

“ገና ነኝ፣ አባዬ።”

“እሺ። ሳትቸኩዪ ጻፊ።”

ስህን እስከ በራፉ ሸኘችው። ከዚያ በላይ አልፈቀዱላትም። ያ ያስተማረችው ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ “ቲቸር፣ እኔ...” ብሎ ጀመረና ጨርሶ ሳይናገር ሮጠ። በአስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቅ የነበረው መኪና በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ሰማች። ዘይቱና ከአጥሩ ወዲያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማ ነበር። ስህን አላለቀሰችም። በሩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ሌላ የምትመለስበት ቦታ አልነበራትም።

“ስንት ደረስሽ?”

“ስድስት።”

“ቀጥዪ።”

ጸዳለ ከሰሉን አነሣች፤ አልጻፈችም። ስለ አባቷ ትጠይቀኛለች ብላ ስህን አንጀቷን አጠናክራ ጠበቀች። ልጅቱ ግን ስለ አባቷ አልጠየቀችም።

“እማ፣ የዘንድሮው ፈተና መቼ ነው?”

ስህን ልጇን አየቻት። በሰባት ዓመት መምህርነቷ ለተማሪ ዋሽታ አታውቅም ነበር።

“በሰኔ” አለቻት።

ጸዳለ በጣቷ ወሮቹን ቆጠረች፤ ጊዜው እንደሚበቃት አረጋገጠችና ሉሁ ላይ ጎንበስ አለች።